«የዘራችን ነው» ከማለታችን በፊት
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ትራኮማ ስንነጋገር የምንጀምረው በመካከላችን ደጋግመን ከምንሰማው ቃል ነው፤ «የዘራችን ነው»። ከአባሎቻችን አንዷ ለዓመታት ሽፋሽፍቷን በወረንጦ እየነቀለች ኖራለች። እናቷም አያቷም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ታከሚ ስንላት «ከዘር የመጣን ማን ይመልሰዋል?» ትለን ነበር። ልጇን ለጋብቻ የጠየቁ ሰዎች ይህንኑ ሰምተው ሲያፈገፍጉ፣ ነገሩ የዓይን ብቻ አለመሆኑ ገባን።

እውነቱ ምንድን ነው? ትራኮማን የሚያመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። በእጅ፣ በጋራ ፎጣ፣ በዝንብ፣ የልጆቻችንን ዓይን በምንጠርግበት በነጠላችን ጫፍ ይተላለፋል። ዓይን ደጋግሞ ሲለከፍና ሲቆጣ የቆቡ ውስጠኛ ክፍል ጠባሳ ያወጣል፤ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ ብርሃን ያሳጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሴቶች በዚህ በሽታ ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ ለዓይነ ስውርነት ይዳረጋሉ። ከታመሙ ሕፃናት ጋር የምንውለው እኛ በመሆናችን እንደሆነ ይታመናል።

ታዲያ ዘር ምንም ድርሻ የለውም? አለው። እኩል ከተለከፉ ሰዎች መካከል አንዷ ብዙ ጠባሳ ስታወጣ ሌላዋን ቀለል አድርጎ ያልፋታል። በጋምቢያ በመንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሰውነት ባክቴሪያውን የሚከላከልበት መንገድ በከፊል እንደሚወረስ አመልክቷል። እናቶቻችን ፈጽመው አልተሳሳቱም ማለት ነው። ነገር ግን የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። ባክቴሪያው ካልደረሰ የትራኮማ ጠባሳ የለም።

ያችው ጋምቢያ ትራኮማን የኅብረተሰብ ጤና ችግር ከመሆን ማስወገዷ እ.ኤ.አ. በ2021 ተረጋግጧል። የሕዝቡ ዘር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ንጽሕናውና ሕክምናው ነው።

ስለዚህ በቤተሰባችን ይህ ችግር ካለ፣ ልጆቻችንን ፊት በማጠብ ቀዳሚ እንሁን። የአዚትሮማይሲን መድኃኒት ሲታደል ማንም ቤት አይቅር። ሽፋሽፍቷ የታጠፈባት እህት ቆቧ ተደንዝዞ በአጭር ጊዜ በሚያልቅ ቀዶ ሕክምና ልትረዳ ትችላለች። ደጋፊዎቻችንን የምንለምነውም ውኃ፣ ሳሙናና የታካሚዎች የትራንስፖርት ወጪ ነው።

ያቺ እህታችን ባለፈው ዓመት ታክማለች። አብረናት ሄድን፤ ልጆቿን አንዷ አባላችን ጠበቀችላት። ሽፋሽፍቱ ሊመለስ ስለሚችል ዛሬም ለምርመራ ትመላለሳለች። ስለ ልጇ ሲጠይቋት ግን «የዘራችን ነው» አትልም፤ «ፊቷን በየቀኑ ትታጠባለች» ትላለች።