የሻርካኗ ፀጉር ሲረግፍ፦ መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ እንስሳ ነው። «ይሄ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ግን እስኪ ታገሡኝ።

ከደረሱን የድምፅ መልእክቶች ውስጥ አንድ እናት የላከችው እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እንዲህ ትላለች፦ «ልጄ 9 ዓመቱ ነው። አጥብቆ ለምኖን ሻርካን ገዛንለት። ከጥቂት ወር በኋላ ፀጉሯ ይረግፍ ጀመር፣ ጀርባዋ ቆሰለ። ሐኪም ቤቱ ውድ ነው ብለን ለታናሽ እህቱ ታዞ የተረፈ የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ነበረን፣ ከሱ ትንሽ ትንሽ ሰጠናት። መብላት አቆመች፣ በአራተኛው ቀን ሞተች። ልጁ ‹ሽሮፑን ያጠጣኋት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት› እያለ ያለቅሳል። ምን ብዬ ልመልስለት?»

እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። በእንስሳት ክሊኒክ ረዳት ሆኜ ግን ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ታሪክም ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ የዚህችን እናት ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። መልሱን መጨረሻ ላይ እሰጣታለሁ። መጀመሪያ ግን ነገሩን ከሥሩ እንየው።

እናቶቻችንና አያቶቻችን ስሟን ሲሰሙ ይደነግጡ ነበር፣ ታስታውሳላችሁ? ድሮ በዕብራይስጥ «ሀዚር ያም» ነበር የምትባለው፣ የባሕር አሳማ እንደማለት። «አሳማ ቤቴ ሊገባ ነው?» ብላ በር ላይ የቆመች አያት አውቃለሁ። አትፍረዱባት! ስሙ ነው ያሳሳታት። እንስሳዋ አሳማም አይደለች፣ ከባሕርም አልወጣች። ከአይጥ ወገን ናት፣ ከጃርት ጋርም ዝምድና አላት። አሁን «ሻርካን» ነው የምትባለው። ሽሪካ ፉጨት አይደል? ምግብ ስታይ ስለምታፏጭ ነው። አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው፣ የፔሩና የቦሊቪያ ተራሮች። እንደኛ ስሜን የደጋ እንስሳ ናት ማለት ነው። ለዚህ ነው የዚህ አገር ሙቀት የሚያስጨንቃት።

እሺ፣ ወደ ፀጉሩ እንምጣ። ሁሉም መመለጥ በሽታ አይደለም። ከጆሮዋ ኋላ ትንሽ ራሰ በራ ቦታ አለ፤ ሁሉም ሻርካን አለው፣ አፈጣጠሯ ነው። ያረገዘች ወይም የምታጠባም ፀጉሯ ይሳሳል፣ ኋላ ይመለሳል። ወንዱ ደግሞ ጅራት በሚበቅልበት ቦታ ላይ ቅባት የሚያመነጭ እጢ አለው፤ እዚያ ጋ ፀጉሩ ቢጣበቅና ቢቆሽሽ ማጽዳት እንጂ መድኃኒት አያስፈልገውም።

ከዚህ ውጪ ከሆነ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ያሳክካታል ወይስ አያሳክካትም? ክሊኒክ ስትመጡም መጀመሪያ የምትጠየቁት ይሄንኑ ነው። ግማሹ መልስ እዚያ ውስጥ አለ።

በጣም የሚያሳክካት ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እከክ ነው። አገር ቤት በግና ፍየል ያረባችሁ ወላጆቻችን እከክን ከኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። በጉ ግንድ ላይ ሲታከክ፣ ፀጉሩ እየተቦጨቀ ሲወድቅ። የሻርካን እከክም እንደዚያው ነው። በዓይን የማትታይ ነፍሳት ቆዳ ውስጥ ጉድጓድ ትቆፍርና እንቁላሏን ትጥላለች። ጀርባዋ፣ ትከሻዋ፣ የጭኗ ውስጥ ይመለጣል፤ ቆዳዋ ይወፍራል፣ ይላላጣል፣ ቅርፊት ያበጃል። ማሳከኩ ሲብስ ስትነኳት ብቻ እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፋታል። ያኔ «ነገ እወስዳታለሁ» አይባልም፣ የዛሬ ጉዳይ ነው።

«ከቤት ወጥታ አታውቅም፣ ከየት አመጣችው?» ትላላችሁ። ነፍሳቷ ሳትታይ አብራት ልትኖር ትችላለች። እንስሳዋ ስትጨነቅ፣ ስትራብ፣ ስታረግዝ፣ ሌላ በሽታ ሲይዛት ያኔ ትበዛለች። ስለዚህ እከክ የቆሻሻ ቤት ምልክት ነው ብላችሁ አትፈሩ። ደብቆ ማቆየት ነው የሚጎዳው።

ሕክምናው ከባድ አይደለም። ሐኪሙ መርፌ ይወጋታል ወይም አንገቷ ኋላ ቆዳዋ ላይ ጠብታ ያደርጋል። ነገር ግን መድኃኒቱ እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል፣ አንዳንዴም ሦስተኛ ጊዜ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ሻል ሲላት ያቋርጣል፣ በወሩ ይመለሳል። አብረዋት የሚኖሩት ሁሉ፣ ባያሳክካቸውም፣ አብረው ይታከማሉ።

ቅማልም አለ። እሱን ፀጉሩን ገለጥ አድርጋችሁ ብታዩ ታገኙታላችሁ፣ ፈዘዝ ያለ ፎረፎር የሚመስል የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። የሻርካን ቅማል ሰው ላይ አይኖርም፣ በዚህ አትጨነቁ።

አሁን ደግሞ ሰው ላይ ወደሚጋባው እንምጣ፦ ጭርት። ጭርት ፈንገስ ነው። ሲጀምር ብዙ ጊዜ ፊቷ ላይ ነው፤ አፍንጫዋ፣ ዓይኗ ዙሪያ፣ ጆሮዋ። ክብ ክብ እየሆነ ይመለጣል፣ ነጭ ቅርፊት ይኖረዋል። ላያሳክካትም ይችላል። ምንም ምልክት ሳይኖራት ፈንገሱን ይዛ የምትዞርም አለች። ልጆቻችን ደግሞ ምን ያደርጋሉ? አንገታቸው ሥር ይሸጉጧታል፣ ይስሟታል። ከዚያ ልጁ ክንዱ ላይ ወይም አንገቱ ላይ ቀይ ክብ ያወጣል፤ ራሱ ላይ ከወጣበትማ ያው እኛ ቆረቆር የምንለው ነው።

እባካችሁ፣ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካወጣ ኩፓት ሆሊም ስትሄዱ «ቤታችን ሻርካን አለች» ብላችሁ ንገሩ። ብዙ ሰው ይህን መናገር ያፍራል ወይም ይረሳል። ዶክተሩም ሌላ ሽፍታ መስሎት ሌላ ቅባት ያዛል፣ ወር ያልፋል። የሻርካኗም ሕክምና ሳምንታት ይፈጃል። እስኪያልቅ ድረስ ልጆች በጓንት ይንኳት፣ ከዚያ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ጨቅላ ሕፃን፣ ወይም በሕመም ሰውነታቸው የደከመ አረጋዊ ቤት ውስጥ ካሉ ከነጭራሹ አይንኳት። የፈንገሱ ዘር በዕቃ ላይ ለብዙ ወራት ስለሚቆይ ጉዝጓዙ ተጠቅልሎ ይጣላል፤ ጎጆዋ በሳሙና ታጥቦ፣ በውሃ በቀጠነ በረኪና ተጠርጎ፣ በደንብ ታጥቦና ደርቆ ነው መልሳችሁ የምታስገቧት። እሷ ውስጥ እያለች በረኪና አይነካም!

የማያሳክካት ከሆነስ? ሴት ናት ወይ፣ ዕድሜዋስ ስንት ነው? ዓመት ተኩል ሁለት ዓመት ያለፋት ሴት ሁለቱም ጎኗ እኩል በእኩል ከተመለጠ፣ ቆዳዋም ንጹሕ ከሆነ፣ እንቁላል ማምረቻዋ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ሊኖር ይችላል። በጣም የተለመደ ነው። ሆዷ ሰፋ ይላል፣ ጡቷ ጫፍ ላይ ቅርፊት ይታያል፣ ጠባይዋም ይለወጣል፤ ጓደኛዋን ታባርራለች። ይሄ በቅባት አይድንም። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ በሆርሞን መርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና ነው የሚያክማት።

ፀጉሩ በመቀስ የተቆረጠ ከመሰለ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሥሩ አለ፣ ጫፉ ነው የሌለው። ያኔ ወይ እራሷ ወይ ጓደኛዋ እየበላችው ነው። ጎጆው ጠቧቸዋል፣ ወይም ድርቆሽ አንሷቸዋል፣ ወይም ተጣልተዋል። ሻርካን ቀኑን ሙሉ ማላመጥ ያለባት እንስሳ ናት፤ ድርቆሽ ከፊቷ መጥፋት የለበትም።

ስለ ምግብ ካነሣን አንድ ትልቅ ነገር ልንገራችሁ። ሻርካን ልክ እንደኛ እንደ ሰዎች ቫይታሚን ሲ በሰውነቷ መሥራት አትችልም። ውሻና ድመት ይችላሉ፣ ጥንቸልም ትችላለች፣ እሷ ግን አትችልም። በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ያስፈልጋታል። ካጣች በሁለት ሳምንት ውስጥ ምልክቱ ሊጀምር ይችላል፦ ፀጉሯ ይሻክራል፣ ቆዳዋ ይቀረፈፋል፣ ቁስሏ አይድንም፣ መገጣጠሚያዋን ስለሚያማት ስትነሣ ትጮኻለች። ብዙ ቤት የሚሠራው ስህተት የጥንቸል ምግብ መግዛት ነው፤ ቫይታሚን ሲ አይጨመርበትም። የሻርካኑም ቢሆን ከተመረተ ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ቫይታሚኑ እየጠፋ ይሄዳል። በክፍት ከረጢት ተመዝኖ የሚሸጠው ደግሞ መቼ እንደተመረተ አይታወቅም። ውሃ ውስጥ የሚጨመረውን ጠብታም አትመኑት፣ ቶሎ ይበላሻል።

መፍትሔው ፍሪጃችሁ ውስጥ ነው፦ ጋምባ። 100 ግራም ቀይ ጋምባ ከ120 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለው። ለሻርካኗ በቀን አንድ ቁራጭ፣ 20 ግራም ያህል፣ ይበቃታል። ለሻባት ሰላጣ ስትቆርጡ የሷን ድርሻ አስቀሩላት፣ አለቀ።

አሁን አታድርጉ ወደምላችሁ ልምጣ።

አንደኛ፣ ከሰው የተረፈ አንቲባዮቲክ አትስጡ። የሻርካን ሆድ ሣር የሚያብላሉ በጎ ባክቴሪያዎች አሉት፣ በነሱ ነው የምትኖረው። አሞክሲሲሊንና የፔኒሲሊን ወገን የሆኑ መድኃኒቶች በአፏ ሲሰጡ እነዚያን በጎዎቹን ይጨርሷቸዋል፤ መርዝ የሚያመነጩት ይሰለጥናሉ፣ በጥቂት ቀናት ትሞታለች። ለልጅ የሚያድነው ለሷ መርዝ ነው።

ሁለተኛ፣ ለውሻ የሚሸጥ የቁንጫ ጠብታ፣ ለፈረስ የተዘጋጀ የትል መድኃኒት አትንኩ። ሻርካን አንድ ኪሎ ብትሆን ነው! የሷ መጠን በሐኪም ነው የሚለካው።

ሦስተኛ፣ የቤት መድኃኒታችንን። ጋዝ፣ የተቀጠቀጠ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት… እናቶቻችን በምን እንዳሳደጉን አውቃለሁ፣ አክብሮቴም አለ። ሻርካን ግን የተቀባችውን ሁሉ ትልሳለች። ነጭ ሽንኩርት ይመርዛታል፣ ጋዝ ያቃጥላታል። ቅቤም ቢሆን ቆዳዋን አያድነውም።

እግሯን መርሳት አይገባም። የሽቦ ወለል ላይ ወይም እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ የምትኖር ሻርካን መዳፏ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይቆስላል፣ አጥንት ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። ሲቀላ ከያዛችሁት ይድናል፣ ሲቆይ አስቸጋሪ ነው። ደረቅና ለስላሳ ጉዝጓዝ አድርጉላት። ሽታ ያለው የጥድ ሰጋቱራ ይቅርባችሁ፣ ትንፋሿንም ቆዳዋንም ያስቆጣል።

በተረፈ በሳምንት አንድ ቀን 10 ደቂቃ ስጧት። በወጥ ቤት ሚዛን መዝኗትና ግራሙን ጻፉ፤ ከመታመሟ በፊት ክብደቷ ነው የሚናገረው። ፀጉሯን ግለጡ፣ መዳፏን እዩ። ይህን ሥራ ለልጁ ስጡት፣ ደብተር ይያዝ። ክሊኒክ ስትሄዱ ደብተሩንና የተመለጠውን ቦታ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ስልክ ስትደውሉም መጀመሪያ «ሻርካን የሚያክም ቬተሪናር አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሁሉም አያክምም። ዋጋውንም በስልክ ጠይቁ፣ ነውር የለውም። ቀኑን ሙሉ ምንም ካልበላች ግን ዋጋ አትጠይቁ፣ በዚያው ቀን ውሰዷት።

አሁን ወደ እህቴ ልመለስ። ልጅሽን ምን ብለሽ ትመልሽለታለሽ? እውነቱን ንገሪው። ሽሮፑ ነው የጎዳት፣ ይህን አትደብቂው፤ ትንሽ ካደገ በኋላ ራሱ አንብቦ ይደርስበታል፣ ያኔ በእናንተ ላይ ይከፋል። ግን ሽሮፑን የሰጠነው እኛ ትልልቆቹ ነን በይው። እሱ ያደረገው የታዘዘውን ነው፣ እንድትድንለት ብሎ። ጥፋቱን ከሱ ላይ አንሥታችሁ እናንተ ተሸከሙት፣ ለእናንተ ይቀላል። ሌላ እንስሳ ከመግዛታችሁ በፊት ጎጆውን አጽዱት። የልጆቹንም ቆዳ እዩት፣ ምንም ካወጡ ሐኪም አሳዩአቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ያንን መልእክት ለመላክ ድፍረት ይጠይቃል። ዛሬ ይህን የሰማ አንድ ቤተሰብ መሳቢያው ውስጥ ያለውን ሽሮፕ ከመስጠቱ በፊት ካቆመ ያንቺ መልእክት ነው ያዳናት።

ጥያቄ ያላችሁ እንደተለመደው በድምፅ ላኩልን። እስከሚቀጥለው በሰላም ያገናኘን፣ ሻባት ሻሎም።