ለሕፃን እርጎ ስለ መስጠት



ሕፃን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ሌላ ነገር አያስፈልገውም፤ ውሃም ቢሆን፣ ቅቤም ቢሆን። ስድስት ወር ሲሞላው ግን የጡት ወተት ብቻውን አይበቃውምና ገንፎ፣ የላመ ጥራጥሬና እንቁላል መቅመስ ይጀምራል። እርጎም ከእነዚህ ጋር የሚቈጠር መልካም ምግብ ነው፤ አጥንትን ያጠነክራል፣ ሥጋን ይገነባል፣ ለሆድም አይከብድም።

ነገር ግን በባላገር ቤት እርጎ የሚረጋው አብዛኛውን ጊዜ ከጥሬ ወተት ነው። ወተቱ በወይራ በታጠነ ቅል ውስጥ ተቀምጦ አንድ ሁለት ቀን ሲቈይ ራሱ ይረጋል። የወይራው ጢስ ሽታውን ያሳምራል፣ ከተሐዋስያኑም ጥቂቱን ያጠፋል፤ ሁሉን ግን አያጠፋም። የእርጎው መኮምጠጥም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ቲቢ የሚባለው ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ የተባለው የትኩሳት በሽታ ከታመመች ላም በጥሬ እርጎ ሊተላለፉ ይችላሉ። ሲታለብ ከእጅና ከግት የገባው እድፍም ተቅማጥ ያመጣል።

ላሚቱ ጤነኛ መስላ መታየቷ ዋስ አይሆንም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1887 ዴቪድ ብሩስ የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም በማልታ ደሴት ወታደሮቹን በትኩሳት የሚጥለውን ተሐዋሲ ማግኘቱን አስታወቀ፤ በሽታውም በኋላ በስሙ ተጠራ። ከየት እንደሚመጣ ግን ሳይታወቅ ብዙ ዓመት ቈየ። በ1905 ቴሚስቶክልስ ዛሚት የተባለው የማልታ ሐኪም የደሴቲቱን ፍየሎች ደም ቢመረምር፣ ምንም ሕመም የማይታይባቸው ፍየሎች በሽታውን ተሸክመው አገኛቸው። በሚቀጥለው ዓመት ወታደሮቹ የፍየል ጥሬ ወተት እንዳይጠጡ ቢከለከሉ ትኩሳቱ ከመካከላቸው ፈጥኖ ቀነሰ።

ጥሬ ወተት ጠጥተን አድገናል የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። እውነት ነው፣ አድገዋል፤ በጨቅላነታቸው በተቅማጥ የሞቱት ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ግን ቆመው ሊመሰክሩ አይችሉም።

እንግዲህ የሕፃን እርጎ ከፈላ ወተት ይሠራል። ብዙ ሴቶች የፈላ ወተት አይረጋም ይላሉ፤ ነገሩም ሐሰት አይደለም፤ እሳቱ ክፉውን ተሐዋሲ ሲገድል የሚያረጋውንም አብሮ ይገድለዋልና። መላው እርሾ ነው። ወተቱ እስኪገነፍል ድረስ ይፈላል፤ ከዚያም ዕቃው ከውጭ በእጅ ሲዳሰስ ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል። ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርጎ ይጨመርበትና ተከድኖ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ያድራል። እርሾው ከጥሬ ወተት እርጎ የተወሰደ እንደ ሆነ ግን ማፍላቱ ከንቱ ይሆናል፤ በሽታው በማንኪያው ተመልሶ ይገባልና። የመጀመሪያው እርሾ በፋብሪካ ተሕዋስያኑ በሙቀት ከተገደሉበት ወተት የተሠራ፣ ስኳር ያልገባበት እርጎ ሆኖ ከከተማ ይገዛል፤ ከዚያ ወዲያ ከየእርጎው በንጹሕ ማንኪያ እየቀነሱ ማስቀመጥ ይበቃል። ቅል ውስጡ ሻካራ በመሆኑ አሮጌ ወተት ይቀርበታልና ለሕፃኑ እርጎ በፈላ ውሃ የሚታጠብ የብረት ወይም የብርጭቆ ዕቃ ይሻላል።

በመጀመሪያው ቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ይሰጠዋል፤ ስኳርም ጨውም አይጨመርበትም። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን መርዝ ሊሆንበት ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም። ሁለት ሦስት ቀን ሕፃኑን መመልከት ያስፈልጋል፤ ገላው ሽፍ ቢል ወይም ቢያስመልሰው እርጎውን ትቶ ወደ ጤና ኬላ መውሰድ ነው። ከንፈሩ ቢያብጥ ወይም መተንፈስ ቢቸግረው ግን አንድ ሰዓትም አይቈይም።

ቅቤው ወጥቶለት የቀረው አሬራ የእርጎን ቦታ አይተካም፤ ለሕፃን ስቡ ያስፈልገዋልና። እርጎም የጡትን ቦታ አይተካም፤ ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ደም የሚሆነው ብረት በእርጎ ውስጥ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ሕፃኑ በእርጎ ብቻ ጠግቦ ገንፎውንና እንቁላሉን እንዳይተው መጠንቀቅ ይገባል። ከሳህኑ የተረፈውንም ለማታ አለማስቀመጥ ነው፤ ታላላቆቹ ልጆች ይጠጡት።