ጥርስና ጡሩምባ
(በተማሪዎች ማኅበር የሙዚቃ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ርእስ አንዳንዶችን ፈገግ እንዳሰኘ እናያለን። ከሕክምና ተማሪዎች አንዱ፥ «ስብሰባው የጥርስ ሐኪሞች ነው ወይስ የሙዚቀኞች?» ሲል ጠይቆን ነበር። የሁለቱም ነው ብለን መልሰንለታል። ነገሩ ግን ከቀልድ ያለፈ ነው። በክበባችን የነሐስ መሣሪያ ለመማር የሚመዘገቡ አዲስ አባሎች ሁሉ አፋቸውን ከፍተው እንዲታዩ፥ ጥርሳቸው የተዛነፈ ሆኖ የተገኙትም ወደ ከበሮ እንዲዛወሩ የሚል ሐሳብ ቀርቦአል። ሐሳቡ ከክፋት የመጣ አይደለም። መሣሪያው ጥቂት፥ ፈላጊው ብዙ ስለ ሆነ መለያ ሚዛን ማስፈለጉን እኛም እናምናለን። ነገር ግን ሚዛኑ ትክክለኛ ነው ወይ? የምንመረምረው ይህንን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ መረዳት ያስፈልጋል። መሰንቆ ድምፁን የሚያገኘው ከጭራው ነው። ክላርኔት ከመንፊያው ላይ ከታሰረችው ስስ የሸንበቆ ስንጣቂ ያገኛል። ትሩምፔት፥ ሆርን፥ ትሮምቦንና ቱባ ግን ጭራም ሸንበቆም የላቸውም፤ በእነርሱ ዘንድ የሚርገበገበው የነፊው የራሱ ከንፈር ነው። ሳክስፎን አካሉ ከነሐስ ቢሠራም በሸንበቆ ስለሚነፋ ከዚህ ወገን አይቆጠርም፤ ከነጋሪትና ከእምቢልታ ጋር በየአደባባዩ ይሰማ የነበረው የአባቶቻችን መለከት ግን የሚነፋው በከንፈር ስለ ሆነ የትሩምፔት የሥጋ ዘመድ ነው። አንድ ነፊ ኦርኬስትራ የሚቃኝበትን «ላ» የተባለውን ድምፅ ሲያወጣ፥ ከንፈሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 440 ጊዜ ይከፈታል፥ ይዘጋልም። ይህ እንዲሆን ከንፈር ከፊት በመንፊያው ክብ ጠርዝ፥ ከኋላ በጥርስ ተደግፎ መያዝ አለበት። እንግዲህ ጥርስ አይነፋም፥ አይርገበገብምም፤ ከንፈር የሚደገፍበት ግድግዳ ነው። ግድግዳው ጠማማ በሆነ ጊዜ ምን ይሆናል?

እዚህ ላይ መጠንን ማወቅ ይረዳናል። የትሩምፔት መንፊያ የውስጥ ስፋቱ ከ16 እስከ 17 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ከላይ ያሉት ሁለቱ የፊት ጥርሶች ደግሞ እያንዳንዳቸው 8 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ስፋት አላቸው። ስለዚህ በላይኛው ከንፈር በኩል ያለው የትሩምፔት ጫና ባመዛኙ የሚያርፈው በሁለት ጥርሶች ላይ ነው ማለት ነው። የትሮምቦን መንፊያ ግን 25 ሚሊሜትር ያህል፥ የቱባው ከ30 ሚሊሜትር በላይ ስለ ሆነ ጫናው በሰፊው ይከፋፈላል። ለትሩምፔት ያስቸገረ ጥርስ ለትሮምቦን ላያስቸግር የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ቋንቋችን ለጥርስ አበቃቀል ብዙ ስም አለው፤ ገጣጣ፥ ድርብ፥ ፍንጭት፥ ወላቃ እንላለን። ሁሉም በነፊው ላይ የሚያደርሱት ችግር አንድ ዓይነት አይደለም። ገጣጣ የሆነ ሰው የታችኛው ጥርሱ ከላይኛው ወደ ኋላ ስለሚርቅ መሣሪያው ወደ መሬት ያዘነብልበታል። ብዙዎች የታችኛውን መንጋጋ ጥቂት ወደ ፊት በማውጣት ያቃኑታል፤ ሌሎችም መሣሪያውን እንዳዘነበለ ይነፉታል። በድርብ ጥርስ ጊዜ ወደ ፊት የወጣው የጥርስ ጠርዝ የከንፈርን ውስጥ ይወጋል። ነፊውም ወደ ላይኛው ድምፅ ለመውጣት መንፊያውን አጥብቆ ሲጫን ሕመሙ ይበረታል፤ ደም ከከንፈሩ ይሸሻል፥ ከንፈሩም ደንዝዞ መርገብገቡን ይተዋል። በዘፈን የሚወደሰው ፍንጭት ደግሞ ለአንዳንዱ ነፊ ከንፈሩ ወደ ክፍተቱ እየገባ ያስቸግረዋል፤ ሌላው ግን ምንም አይታወቀውም። እንግዲህ የተዛነፈ ጥርስ እውነተኛ ችግር ሊያመጣ እንደሚችል አንክድም። የምንክደው፥ ችግሩ አፍ ከፍቶ በማየት ብቻ ይታወቃል የሚለውን ነው። መንፊያው የግድ በከንፈር መካከል እንዲያርፍ የሚያዝዝ የተፈጥሮ ሕግ የለም፤ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ አድርገው በመንፋት የታወቁ ሙዚቀኞች በየአገሩ አሉ።

ከታሪክ ሁለት ምስክሮች እንጥራ። በኒው ኦርሊንስ የጃዝ ነፊ የነበረው ቡንክ ጆንሰን በ1930ዎቹ (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር) መጀመሪያ ጥርሶቹን አጥቶ መንፋቱን ተወ። በኋላ ተመራማሪዎች ፈልገው አገኙት፤ የዕውቁ ሙዚቀኛ የሲድኒ ቤሼ ወንድም የሆነው የጥርስ ሐኪሙ ሌናርድ ቤሼም ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠራለት። ጆንሰን በ1942 ሸክላ ለማስቀረጽ በቃ። ሁለተኛው ቼት ቤከር ነው። በ1966 በካሊፎርኒያ ተደብድቦ ጥርሶቹ ተጎዱ፤ በሰው ሠራሽ ጥርስ መንፋትን እንደ ጀማሪ እንደገና ተማረ፥ በ1970ዎቹም ወደ መድረክ ተመለሰ። በእኛ አነጋገር አንድን ሙያ ከልጅነቱ የያዘ ሰው «ጥርሱን የነቀለበት» ይባላል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ጥርሳቸው ከተነቀለ በኋላ ሙያውን እንደገና የያዙ ናቸው።

ከእነርሱ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ የተፈጥሮ ጥርስ ጨርሶ የሌለው ሰው መንፋት ከቻለ፥ ጥርሱ የተዛነፈ ሰው አይችልም ለማለት አንደፍርም። ሁለተኛ፥ ከንፈር የሚለምደው የራሱን ግድግዳ ነው። ይበልጥ የሚያውከው ግድግዳው በድንገት ሲለወጥ ነው። በተዛነፈ ጥርስ ያደገ ተማሪ ከንፈሩ ከጥርሱ ጋር ከተስማማ ቆይቶአል። እንዲያውም ጥርሱን ለማቃናት ሽቦ የሚያሳስር ነፊ ለብዙ ሳምንታት ይቸገራል፤ ስለዚህ ጥርስ ማሳሰርም ሆነ ማስሞረድ ለሚያስብ ጓደኛ የምንመክረው፥ የሚነፋ መሆኑን ለሐኪሙ አስቀድሞ እንዲነግር ነው።

«መንፋቱስ ራሱ ጥርስ አያዛንፍም ወይ?» የሚል ጥያቄም ሰምተናል። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ስትሬየር በ1939 የትንፋሽ መሣሪያዎችን በመንፊያቸው ዓይነት በአራት ክፍል ለይቶ፥ እያንዳንዱ ክፍል በጥርስ ላይ የተለያየ ግፊት እንዳለው ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ግን አንድ ዓይነት ውጤት አላሳዩም። በቀን ጥቂት ሰዓት የሚደረግ ግፊት፥ ከዘር ከሚወረሰው የመንጋጋ ቅርጽ ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው።

በአገራችንም ቢሆን የነሐስ ሙዚቃ የተስፋፋው በትምህርት ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንድያን መሪነት አዲስ አበባ ሲገቡ፥ የያዙት ሀብት የተማሩት ሙያ ነበር። ከእነርሱ በኋላ በየጦር ክፍሉ ባንድ የተሰለፉት ወጣቶችም የበቁት በልምምድ ነው።

ስለዚህ ለክበባችን የሚከተለውን እናቀርባለን። አንደኛ፥ ማንም ተማሪ ጥርሱ ታይቶ ብቻ እንዳይመለስ። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ተመዝጋቢ መንፊያውን ብቻ ይዞ ለ6 ሳምንት እንዲለማመድ፤ መንፊያ ለማጠብ ቀላል፥ ለመቀያየርም የተመቸ ስለ ሆነ የመሣሪያው ማነስ እንቅፋት አይሆንም። ሦስተኛ፥ መንፊያውን ከንፈሩ የሚመቸው ቦታ ላይ እንዲያሳርፍ እንዲፈቀድለት። አራተኛ፥ በትሩምፔት የተቸገረ ከበሮ ከመሰጠቱ በፊት ትሮምቦንን ወይም ቱባን እንዲሞክር። አምስተኛ፥ ከንፈሩን የሚያቆስለው ተማሪ ችሎ እንዳይነፋ፥ ወደ ሐኪም እንዲላክ። ከዚህ ሁሉ በኋላ መምረጥ ግድ ከሆነ፥ በጆሮውና በትጋቱ እንምረጠው።

ከበሮን ዝቅ አድርገን እንዳልተናገርን ይታወቅልን። ከበሮ የሚመታው ሰው ግን ከበሮን ወድዶ የመጣ እንጂ ከትሩምፔት የተባረረ መሆን የለበትም። ተማሪ በሚችለው እንጂ በተፈጥሮ መልኩ እንዳይመዘን በየጊዜው እንናገራለን፤ በገዛ ክበባችን ይህንን ካልፈጸምን ንግግራችን ባዶ ጩኸት ሆኖ ይቀራል።