ሞተር የሚሰቀልበት አግዳሚ ብረት፦ ከዱስ የመጣ አንድ ጥያቄ



የዛሬው ርእሴ ከአንድ ተማሪ ጥያቄ የተነሣ ነው። «ዱስ ላይ አነስተኛ ጋራዥ ብከፍት፣ ሞተር የምሰቅልበትን ብረት በምን ልምረጥ?» ሲል ጠየቀኝ። ዱስ፣ ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለች የካራ ሕዝብ መንደር ናት። ከከተማ በራቀ ስፍራ የመኪና ሞተር ሲወርድ የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሲሰቀል አይቻለሁ። ቅርንጫፍ የጭነት ሠንጠረዥ የለውም፤ ከሥሩ ተንጋሎ ቡሎን የሚፈታው ሰው ግን ደረት አለው።

በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ኪሎ?» የሚል ነው። በአካባቢያችን የሚመላለሰው ላንድክሩዘር ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ከነካምቢዮው ከግማሽ ቶን ብዙ አይርቅም። ተማሪዬም በግማሽ ቶን አስልቶ መጣ። እኔ አልተቀበልሁትም። የሚገዛው ቼይን ብሎክ ላይ «1 ቶን» ተብሎ ተጽፏል፤ አንድ ቀን አንድ ሰው ያንን ጽሑፍ አምኖ 1 ቶን ይሰቅልበታል። ስለዚህ አግዳሚው የሚመረጠው በሞተሩ ክብደት ሳይሆን በማንሻው አቅም ነው። ሰንሰለቱ ሲነጥር ለሚመጣው ድንገተኛ ጫና ደግሞ ሩብ እንጨምራለን።

ምሰሶዎቹ በ4 ሜትር ይራራቁ እንበል። 10 ኪሎ ኒውተን መሐል ላይ ሲሰቀል፣ የመታጠፊያው ሞመንት ጭነቱ በርዝመቱ ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 10 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው፤ ከነሩቡ 12.5። አሁን ሁለት አይ-ቢሞችን እናነጻጽር። አይፒኢ 120 ሴክሽን ሞዱለሱ 53 ኩብ ሳንቲሜትር ስለሆነ ውጥረቱ 236 ሜጋፓስካል ይደርሳል። የተለመደው ብረት ደግሞ በ235 ቅርጹን መልቀቅ ይጀምራል። አይፒኢ 160 ግን 109 ኩብ ሳንቲሜትር አለውና ውጥረቱ 115 ላይ ይቆማል። በ1 ቶን ጭነት የፊተኛው 20 ሚሊሜትር ሲጎብጥ የኋለኛው 7 ሚሊሜትር ብቻ ይጎብጣል። በሜትር የክብደታቸው ልዩነት 10.4 እና 15.8 ኪሎ ነው። አምስት ኪሎ ብረት በመጨመር ጥንካሬው እጥፍ ሆነ ማለት ነው! የ6 ሜትሩ ብረት 95 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን አይሱዙ ላይ ለመጫን ሁለት ሦስት ሰው ይበቃል።

ብረቱ ቆሞ መታሰር አለበት። ያው አይፒኢ 160 በጎኑ ቢጋደም ጥንካሬው ከስድስት እጅ ወደ አንድ ይወርዳል። ስለ ቱቦላሬ ብዙዎች ይጠይቁኛል። ስስ ግድግዳው ሰንሰለቱ በሚያርፍበት ቦታ ይሰረጎዳል። እኔ ራሴ ወጣት ሳለሁ በአንድ ጋራዥ ቱቦላሬ ላይ ካምቢዮ ሰቅለን ብየዳው ለቆ፣ ካምቢዮው እግሬ አጠገብ ወድቋል። ከዚያ ወዲህ ይህን ስሌት የምሠራው በቀዝቃዛ ልብ አይደለም።

ተማሪዎች አዘውትረው የሚዘነጉት ምሰሶውን ነው። ጭነቱ መሐል ሲሆን ለሁለቱ እኩል ይካፈላል፤ ማንሻው ወደ ዳር ሲገፋ ግን አንዱ ምሰሶ ጠቅላላውን ለብቻው ይሸከማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ለሙሉው ጭነት ይሠራ። የብሎኬት ግድግዳ ለዚህ አይታመንም። ወንዝ ዳር ያለው አፈር ደለል በመሆኑ፣ ከእግሩ ሥር 60 በ60 ሳንቲሜትር ኮንክሪት ቢደረግ ጫናው በካሬ ሜትር ወደ 3.6 ቶን ይወርዳል፤ ይህም የኮንክሪቱን የራሱን ክብደት ሳይጨምር ነው። ምሰሶዎቹ ወደ ጎን እንዳይወድቁ ሰያፍ ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል።

የመጀመሪያው ሞተር ከመሰቀሉ በፊት፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ክር ይወጠር። ከዚያም 12 ኩንታል ተኩል የማሽላ ጆንያ በአንድነት ታስሮ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ይነሣ፤ ከሥሩ ማንም አይቁም። አግዳሚው ከክሩ 9 ሚሊሜትር ያህል ቢጎብጥ እንደ ስሌታችን ነው። ጆንያው ወርዶ ብረቱ ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ግን ቅርጹን ለቋል፤ ሞተር አይሰቀልበትም።