ውሳኔ የሚበስለው የት ነው?

ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ኮሚቴዎች ከቀረበ ንግግር የተወሰደ



የልማት ሥራ ከልዩ ልዩ አገር ሰዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጠናል። ስለ ገንዘቡ መጠንና ስለ ሥራው ጊዜ በጥንቃቄ እንነጋገራለን፤ «ወስነናል» ስንል ግን ሁላችንም አንድ ነገር ማለታችን እንደ ሆነ አንጠያየቅም።

የጃፓንን ልማድ እንመልከት። በብዙ የጃፓን መሥሪያ ቤቶች «ሪንጊ» የሚባል ሥርዓት አለ። የውሳኔ አሳቡን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ዝቅ ባለ ደረጃ ያለ ሠራተኛ ነው፤ ሰነዱም ኃላፊዎቹ በየተራ ማኅተማቸውን እያሳረፉበት ወደ ላይ ይወጣል። ከዚህም ጋር «ነማዋሺ» አለ። ቃሉ የአትክልተኞች ነው፤ ዛፍን ወደ ሌላ ስፍራ ከማዛወር በፊት በሥሩ ዙሪያ ቆፍሮ ማዘጋጀት ማለት ነው። በሥራ ቦታም ጉዳዩ የሚነካቸውን ሰዎች አስቀድሞ ለየብቻ ማነጋገርን ያመለክታል። ስለዚህ ስብሰባው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የበሰለው የሚጸድቅበት ነው። በስብሰባው ላይ ተከራክሮ መወሰን የለመደ አሜሪካዊ ሥራ አስኪያጅ ይህ መዘግየት ይመስለዋል። ጃፓናዊው ደግሞ የእርሱን አካሄድ ችኮላ ይለዋል። አንደኛው ሰውን የሚያሳምነው ከውሳኔ በፊት ነው፤ ሌላው ከውሳኔ በኋላ።

የኔዘርላንድስ ተመራማሪ ኼርት ሆፍስቴድ የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያን ሠራተኞች በብዙ አገሮች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሠራተኛ አለቃውን ለመቃወም የሚፈራበት መጠን ከአገር አገር እንደሚለያይ አሳይቷል። ልኬቱ የማኅበረሰብ እንጂ የአንድ ግለሰብ መመዘኛ አይደለም።

ይህ እኛንም ይነካል። በጉባኤያችን ታላቅ አባት ከተናገሩ በኋላ ወጣቶችና እናቶች ከአክብሮት የተነሣ ዝም ይሉ ይሆናል። እንግዳው ዝምታውን «ተስማምተዋል» ብሎ ይጽፈዋል። የውኃ ጉድጓዱም ውኃ ቀጂዎቹ ባልመከሩበት ስፍራ ይቆፈራል፤ ሲበላሽም «የእኛ ነው» የሚል ይጠፋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። ከስብሰባ በፊት ሥራው የሚነካቸውን፣ በተለይም እናቶችን፣ ለብቻቸው እናነጋግር። በስብሰባም ታናናሾች አስቀድመው፣ ታላላቆች በመጨረሻ ይናገሩ። ከአጋሮቻችን ጋር ስንመክር ደግሞ የመጨረሻው ፊርማ የማን እንደ ሆነና ከዚያ በፊት ማን መስማማት እንዳለበት በግልጽ እንጠይቅ፤ የእኛንም እንንገራቸው።

እግዚአብሔር የሥራችንን ፍጻሜ ያሳምርልን።