የእንቁጣጣሽ ማታው ፊልም

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

የ1967 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ማታ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የወሎን ረሃብ ያሳያል፤ አጥንታቸው የገጠጠ ሕፃናት፣ አስከሬን፣ ለቅሶ። ፊልሙን የሠራው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ነው፤ በብሪታንያ ከታየ ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል። አዲስ አበባ ያየችው ግን ሌላ ቅንብር ነበር። ደርግ በረሃቡ ምስሎች መሀል የቤተ መንግሥት ድግስ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የሚያሳይ ምስል አስገባበት። በማግስቱ ጠዋት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ልብ በሉ፤ ረሃቡ እውነት ነው፣ ድግሱም እውነት። ፍርዱን የሰጠው ቅንብሩ ነው። ሁለት ምስል ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ መሀል ላይ ያለውን “ስለዚህ” ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል። ተራኪው አንዲት ሐሰት መናገር አያስፈልገውም። ተመልካቹም የራሱ ሐሳብ ስለሚመስለው አይጠራጠረውም። የአርትዖት ጉልበት፣ አደጋውም፣ እዚህ ላይ ነው።

የዘውዱ ዘመን መገናኛ ብዙኃን ይሻሉ ነበር ማለቴ አይደለም፤ እነሱማ ረሃቡን ለወራት ሸፍነውት ነበር። ፊልሙን ያን ያህል አስደንጋጭ ያደረገውም ያ ዝምታ ይመስለኛል።

ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ ደርግ ራሱ፣ ሰሜኑ እየተራበ፣ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። በወሩ፣ ጥቅምት 1977፣ የካሜራ ባለሙያው ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያነሳው የረሃብ ምስል በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን አስለቀሰ። ይህን ድግስ ከዚህ ረሃብ ጋር አቀናብሮ የሚያሳይ የአገር ውስጥ ቴሌቪዥን ግን አልነበረም።