ልቡና እና ትእዛዝ

የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ «ኤውቲፍሮ» በተሰኘው ድርሰቱ፣ በጎ ነገር በጎ የሆነው አማልክት ስለወደዱት ነው ወይስ እነርሱ የወደዱት በጎ በመሆኑ ነው የሚል ጥያቄ ካነሣ ከ2,300 ዓመታት በላይ ቢያልፉም፣ ክርክሩ አልተዘጋም። የመለኮት ትእዛዝን የግብረ ገብ ብቸኛ ምንጭ የሚያደርገው አቋም፣ ጭካኔ ቢታዘዝስ በጎ ይባል ነበርን የሚለው ጥያቄ ዘወትር ያስቸግረዋል።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደኖረ በሚነገርለት በፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው የግዕዝ «ሐተታ» (ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ደራሲው ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ካለ ወዲህ የደራሲው ማንነት ያከራክራል) ሌላ መንገድ ያሳያል። በዚህ መጽሐፍ ፈጣሪ አይካድም፤ ነገር ግን እርሱ ለሰው ሁሉ የሰጠው ልቡና፣ ማለትም በጎውን ከክፉ የሚለይ የማሰብ ብርሃን፣ በሃይማኖት ስም የተደነገጉ ሕግጋት የሚፈተኑበት መመዘኛ ይሆናል፤ በዚህም ሰውን እንደ እንስሳ መሸጥን የፈቀደ ሕግና ጋብቻን ዝቅ ያደረገ ምንኩስና ይነቀፋሉ። ድፍረቱ የሚደነቅ ነው፤ መልሱ ግን ሙሉ አይደለም፤ ምክንያቱም አማኙ የማያምነውን ሰው ደግነት በዚህ ስጦታ ሲያስረዳ፣ የማያምነው ግን ለገዛ ደግነቱ ሌላ መሠረት መፈለግ ይጠበቅበታል።